ትራፓኖውን ፍሬዛ እናድርገው ብለን

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ለደብተራና ለመሪጌታ ብቻ የተነገረ ይመስለን ስለ ነበር እኛን ይነካናል ብለን አስበን አናውቅም። ባለፈው ክረምት ግን በሰንበቴ ከተማ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር በምትገኝ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ምሳሌው በእኛው ላይ ተፈጸመ። ነገሩን ለጓደኞቻችን ሳንደብቅ ለመጻፍ የቈረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ጥፋታችንን በገዛ እጃችን ጽፈን ለማመን፤ ሁለተኛም፣ ከእኛ በኋላ ይህን የመሰለ አሳብ የሚነሣበት ተማሪ ቢኖር አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው። እኛ ስንል ሦስት ነን፤ ሁለታችን የታሪክ፣ አንዳችን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ። በሦስታችን መካከል ከዚያ ቀን በፊት ከቢላዋና ከመቀስ የከበደ መሣሪያ የያዘ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በዚሁ መጽሔት ሽፋን ነው። አንባቢዎቻችን እንደምታውቁት መጽሔታችን በስቴንስል ተተይቦ በማባዣ መኪና የሚባዛ ነው፤ ከውስጥ ያለው ጽሑፍ የቱንም ያህል ቢደከምበት ሽፋኑ ራቁቱን ይወጣል። ከሦስታችን አንዱ ሥዕል ይወዳልና በሊኖሌየም ላይ የገበያ መልክ ቀርጾ አመጣ። ቀለም ቀባን፣ ወረቀት አለበስን፣ በማንኪያ ጀርባ ፈተግን፤ ሥዕሉም ጥሩ ሆኖ ወጣ። ነገር ግን አንዱን ቅጂ ለማውጣት አምስት ደቂቃ ፈጀብን። ሁለት መቶ ቅጂ ብናትም አንድ ሺህ ደቂቃ፣ ማለት ከዐሥራ ስድስት ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት መፈተግ ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ የእጅ ማተሚያ ለራሳችን እንሥራ አልን። ንድፏ ቀላል ነው። ሁለት ከባድ ተንከባላይ ብረቶች አንዱ ከሌላው በላይ ይቀመጣሉ፤ ሊኖሌየሙና ወረቀቱ በጣውላ ላይ ሆነው በመካከላቸው ያልፋሉ። የላይኛው ተንከባላይ እንደ ወረቀቱ ውፍረት ከፍና ዝቅ እንዲል፣ በግራና በቀኝ በሚቆሙት ሁለት ወፍራም ብረቶች ላይ አንዳንድ ረጅም ቀዳዳ ያስፈልጋል። ብረቱ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ቀዳዳው 10 ሚሊ ሜትር ስፋትና 60 ሚሊ ሜትር ርዝመት እንዲኖረው ወሰንን። መከራችንን ያመጣችው ይህች ረጅም ቀዳዳ ናት።

ክብ ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ማንም በትራፓኖ ይበሳው ነበር። ረጅሙን እንዴት እናድርገው ብለን የምሕንድስና ተማሪ የሆነ ወዳጃችንን ጠየቅን። እርሱም «ይህ የፍሬዛ ሥራ ነው» አለን። ፍሬዛ ማለት መቁረጫው ባለበት እየዞረ፣ ብረቱ የታሰረበት ጠረጴዛ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድበት መኪና ነው። መቁረጫው፣ በትምህርት ቤት ኤንድ ሚል የሚሉት፣ ሲያዩት ፑንታ ይመስላል፤ ነገር ግን ጫፉ ሹል ሳይሆን ደልዳላ ነው፣ ጥርሱም በአፉ ብቻ ሳይሆን በጎኑም ጭምር ነው። «ፍሬዛ የሌለው ሰውስ?» አልነው። «አንዳንዱ መቁረጫውን በትራፓኖ ላይ አስሮ ይሞክራል፤ ግን...» አለ። ከዚያ «ግን» በኋላ ብዙ ተናግሯል። እኛ የሰማነው ከዚያ በፊት ያለውን ብቻ ነው።

በማግሥቱ መርካቶ ወርደን ወደ ምን አለሽ ተራ ገባን። ምን አለሽ ተራን ያላየ ተማሪ ቢኖር ሄዶ ይይ። ከተማው የጣለው ብረት ሁሉ፣ የመኪና አካልም ይሁን የበርሜል ክዳን፣ የውሃ ቧንቧም ይሁን የፋብሪካ ትርፍራፊ፣ እዚያ ተቀጥቅጦ፣ ተቆርጦ፣ ተቃንቶ እንደገና ምጣድ፣ ምድጃ፣ ማጠፊያና መቆለፊያ ይሆናል። ከአንድ የመሣሪያ ሻጭ ዘንድ ያገለገለ፣ ባለ አራት ጥርስ፣ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ መቁረጫ በርካሽ ገዛን። ሻጩ «ፍሬዛ አላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። «አለን» አልን። የመጀመሪያው ውሸት ይኸው ነው።

ትራፓኖ የሚገኘው ሰንበቴ ነበር። ከሦስታችን አንዱ የዚያ አገር ልጅ ነው፤ አጎቱም በከተማዋ የብረት ሥራ ቤት አላቸው። ዕረፍት ሲወጣ ብረቶቻችንን በጆንያ ጠቅልለን ተሳፈርን። የጣርማበርን ዋሻ ካለፉ በኋላ ቁልቁለቱን ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ካፖርት እየተጣለ ሸሚዝ ይከፈታል። ሰንበቴ በዚያ ሞቃት ሜዳ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ናት። ገበያዋ እሑድ ይቆማል። ሰኞ በባቲ እንደሚቆመው ገበያ ሁሉ የደጋውና የቆላው ሰው የሚገናኝበት ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው እህሉን፣ ጨርቁን፣ ቅቤውን ይዞ ይመጣል። በአንድ ድርድር ውስጥ ሦስት ቋንቋ ሲነገር ይሰማል። እኛ በታሪክ ክፍል ስለ ገበያና ስለ ሕዝቦች መገናኘት ያነበብነውን ሁሉ እዚያ አንድ የፍየል ነጋዴ በአምስት ደቂቃ ሲያስረዳ አየን።

አጎት (ሁላችንም አጎት ነው የምንላቸው) የገበያው ሰው የሚያውቃቸው ባለ ሙያ ናቸው። በርና መስኮት ይበይዳሉ፣ የጋሪ ብረት ያበጃሉ፣ የወፍጮ ቤት ዕቃ ይጠግናሉ። በቤታቸው ካለው መሣሪያ ሁሉ የሚሳሱላት ያችን በቋሚ ምሰሶ ላይ የተተከለች ትራፓኖ ነበር። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ያ አገር ያየው መከራ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ የእርሳቸውም ቤት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ሲመለሱ ባዶ ግድግዳ ጠበቃቸው። ትራፓኖዋን የገዟት በእቁብ ነው፤ ዕጣው እስኪደርሳቸው ጠብቀው፣ ከደሴ በጭነት መኪና አስመጥተው። ይህን ሁሉ ነግረውናል። ቢሆንም እኛ እንደ ጥሩ ታሪክ ሰማነው እንጂ እንደ ማስጠንቀቂያ አልሰማነውም።

ብረቶቻችንን አይተው ክቡን ቀዳዳ ሁሉ እንድንበሳባት ፈቀዱልን። እንዴት እንደሚታሰር፣ ፑንታ ሲግል እንዴት ዘይት እንደሚጠጣ፣ ፀጉርና እጅጌ እንዴት እንደሚሰበሰብ አሳዩን። ረዳታቸው የእኅታቸው ልጅ ነው፤ ዐሥራ አምስት ዓመቱ፣ ጧት ተማሪ፣ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛ። እርሱም ከአጎቱ ይልቅ እየሳቀ ያስተምረን ነበር። የፍሬዛ መቁረጫውን ግን ለአጎት አላሳየናቸውም። «አይሆንም» ቢሉን አዘንን እንላለን ብለን ፈራን፤ እንግዲህ ሰው የሚያደርገው ነገር ልክ ከሆነ ስለምን ይደብቀዋል?

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግነው እርሳቸው ለሥራ ወደ ከሚሴ በሄዱበት ቀን ነው። መቁረጫውን በትራፓኖዋ መጨበጫ አጥብቀን አሰርን። በሁለት ብሎን መዘውር ወደ ጎንና ወደ ፊት የምትንቀሳቀስ ትንሽ ሞርሳም ከቤቱ ጥግ አግኝተን ከጠረጴዛዋ ጋር ቀፈደድናት። በቁራጭ የዋንዛ እንጨት ላይ ሞከርን፤ ቅቤ እንደ መቁረጥ ሆነ። ከዚያም በአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል እየገባን ሞከርን። ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ፊቱም ሻካራ ሆነ፤ ነገር ግን ቀዳዳ ሆነ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። መሐንዲሱ ወዳጃችንን «ፈሪ» አልነው። ልጁም አይቶ ተደነቀ፤ «ይህንስ አጎት አያውቁትም» አለ። እኛም በዚህ ቃል ኰራን።

እሑድ መጣ። ከተማው በገበያ ተጨናንቋል፤ አጎት ለዙሁር ሶላት ወደ መስጊድ ሄዱ። እኛ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ብረት በሞርሳዋ አስረን፣ መነሻ ክብ ቀዳዳ በስተን፣ መቁረጫውን አገባን። ልጁ በቀኝ በኩል ቆሞ ዘይት ያንጠባጥባል። ሦስት ስሕተት በአንድ ላይ ሠርተን ነበር። ቺንጋውን ለአሉሚኒየም ካደረግንበት ፈጣን መዘውር ወደ ቀስተኛው አላዛወርነውም። በአንድ ጊዜ የገባነው ጥልቀት አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብረት ነበር። የሞርሳዋን መዘውር ስናዞር መጀመሪያ ጮኸ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ቀስ» አለ አንዳችን። መቁረጫው ከመጨበጫው ወደ ታች እየተንሸራተተ፣ ማንም ሳያዘው በራሱ ወደ ብረቱ ጠልቆ ሲገባ አየን። አንድ ከባድ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማን። መጨበጫው እንዳለ ከዘንጉ ወልቆ፣ ገና እየዞረ፣ በብረቱ ላይ ወደቀ። መቁረጫው ለሁለት ተሰበረ። ከስባሪው አንዱ የልጁን ክንድ ከእጁ አንጓ በላይ ሰንጥቆ ግድግዳውን መታ።

የሆነው ሁሉ አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ አልፈጀም። ማጥፊያውን የጫነው እርሱ ራሱ ነው፤ በቆሰለ እጁ። እኛ ቆመን ነበር። ደሙን በሻሽ አስረን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን፤ ሰባት ጊዜ ተሰፋ። ጅማቱ አልተነካም፤ ዐይኑም ሆነ ጉሮሮው ከስባሪው መንገድ የራቀው ግን በእኛ ጥበብ አይደለም፤ አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ቆሞ ስለ ነበር ብቻ ነው።

አጎት ሲመለሱ ደሙን በወለሉ ላይ አዩ፤ ትራፓኖዋን አዩ፤ እኛን አዩ። ይጮኹብናል ብለን ጠበቅን። መጨበጫውን ከመሬት አንሥተው በመሐረባቸው ጠረጉት፣ ሾጣጣውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ተልጧል። ከዚያ «ልጁ እንዴት ነው?» አሉ። ነገርናቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ለእናቱ የሚነግራት ማነው?» አሉን። እኛ «አንቱ ቢነግሯት ይሻላል፤ እኅትዎ ናት» አልን። «የሠራችሁት እናንተ፤ የምትነግሯትም እናንተ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ወደ እናቱ ቤት ስንሄድ ያለውን መንገድ አንረሳውም። በገበያው መካከል ነበር የምናልፈው። በትምህርት ቤት የተማርነው ንግግር ሁሉ፣ የመግቢያውና የመደምደሚያው ሥርዓት፣ በዚያ ቀን አልረባንም። ደጃፏ ላይ ቆመን «እኛ ነን ያቆሰልነው» አልን፤ ከዚያ በኋላ የምንለው አጣን። ልጁ ራሱ ክንዱን በሻሽ አንጠልጥሎ ከኋላችን ገባና «አብሽሪ እማ፣ ደህና ነኝ» አላት። ክንዱን ገልጣ ልታይ ፈለገች፤ ሳይፈቀድላት ቀረ። ብዙ ሰዓት የመሰለ ጊዜ ካለፈ በኋላ ከሰል አያያዘችና ቡና መቁላት ጀመረች። «ተቀመጡ፤ ዱዓ ይደረጋል» አለችን። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችን፦ «እናንተ የተማራችሁ አይደላችሁም ወይ?» ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠንም።

በሦስተኛው ቀን አጎት የትራፓኖዋን ዘንግ ነቅለው በጨርቅ ጠቀለሉና «ተነሡ» አሉን። ወደ ኮምቦልቻ፣ ቶርኖና ፍሬዛ ወዳለበት አንድ ሥራ ቤት ሄድን። ወጪው የእኛ እንዲሆን ለምነን አስፈቀድን። እዚያ ያሉት ባለ ሙያ ዘንጉን አዩና «በዚህ ላይ ፍሬዛ ሞክራችኋል» አሉ። ማንም አልነገራቸውም ነበር። አጎት «አስረዷቸው፤ ለዚህ ነው ያመጣኋቸው» አሏቸው። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከገባን ወዲህ እንደዚያ ቀን ጆሮአችንን ከፍተን ያዳመጥነው ትምህርት የለም።

ያስረዱን ይህን ነው። የትራፓኖ መጨበጫ ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው በሾጣጣ ብቻ ነው። የዚህች ትራፓኖ ሾጣጣ ሁለተኛ ቁጥር ሞርስ የሚባለው ነው፤ ሰፊው ጫፉ 17.78 ሚሊ ሜትር፣ በየ20 ሚሊ ሜትር ርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እየቀጠነ ይሄዳል። ብሎን የለው፣ ሽብልቅ የለው፤ የሚይዘው መፋተግ ነው። ስንበሳ ፑንታው ወደ ታች ሲገፋ ብረቱ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ሾጣጣው በበሳን ቁጥር ይበልጥ እየጠበቀ ይሄዳል። ከጎን የሚመታና የሚያንቀጠቅጥ ኀይል ሲመጣበት ግን፣ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲነቀንቁት ይላቀቃል። ባለ ሙያው የፍሬዛውን ራስ ከፈቱና በዘንጉ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ ረጅም ብሎን መዘው በእጃችን አኖሩት። «ይህ ነው ልዩነቱ» አሉ። መያዣውን ከላይ ሆኖ ወደ ውስጥ ስቦ የሚያስረው ያ ብሎን ነው፤ በትራፓኖዋ ላይ ቦታ እንኳ የለውም።

ሁለተኛው ነገር አጨባበጡ ነው። የትራፓኖ መጨበጫ ሦስት ጥርስ አለው፤ ዕቃውን የሚነካው በሦስት ቀጭን መስመር ብቻ ነው። የመቁረጫው እጀታ ደግሞ ጠንካራና ልሙጥ ነው። ጥርሶቹ እንደ ብሎን ጠምዛዛ ስለ ሆኑ ብረት ሲበሉ መቁረጫውን ወደ ታች ይጎትቱታል። እኛ ያየነው በራሱ ወደ ታች መንሸራተት ይህ ነበር፤ አንድ ሚሊ ሜትር ያልነው ጥልቀት ሦስት ሆኖ ነበር። በፍሬዛ ላይ ግን እጀታውን ዙሪያውን አቅፎ የሚጨብጥ ቀለበት አለ። ሦስተኛው ኩሽኔታው ነው። የትራፓኖ ኩሽኔታና ወደ ታች የሚወርደው ቀጭን ዘንጓ የተዘጋጁት በቁመት ለሚመጣ ሸክም ነው፤ ከጎን ሲገፉት ይወላገዳል። አራተኛው ሞርሳዋ ናት። መዘውሯ ትንሽ ልል ስለ ነበረች፣ ጥርሱ ብረቱን ሲነክስ ብረቱን ወደ ራሱ ሳበው፤ እኛ ያዘዝነውን ሳይሆን የፈለገውን በላ።

የፍጥነቱን ነገር ደግሞ ራሳችን በወረቀት አሰላነው። የመቁረጫው ጥርስ በደቂቃ ስንት ሜትር መሄድ እንዳለበት ይታወቃል፤ ለተራ ብረት ወደ 25 ሜትር ነው። ይህን በ1000 አባዝቶ፣ 3.14 በመቁረጫው ውፍረት ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ማካፈል ነው። ለ10 ሚሊ ሜትር መቁረጫ በደቂቃ 800 ዙር ያህል ይመጣል። የእኛ ትራፓኖ ከዚህ እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ትዞር ነበር። ይህች ሒሳብ የአምስተኛ ክፍል ማባዛትና ማካፈል ናት። ከሦስታችን ግን አንድም ሰው ከአደጋው በፊት አልሠራትም።

ከተመለስን በኋላ በቤተ መጻሕፍት ስናነብ አንድ አስገራሚ ታሪክ አገኘን። ጠምዛዛውን ፑንታ ለንግድ ያበቃው ስቲቨን ሞርስ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1863 እ.ኤ.አ. ነው። የሾጣጣውም ስም የእርሱ ነው። በዚያን ዘመን የፑንታን ጠምዛዛ ቦይ ሠራተኞች በክብ ሞረድ በእጅ ይፍቁት ነበር። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ለጠመንጃ ሥራ ብዙ ፑንታ ስላስፈለገ፣ የፕሮቪደንሱ ጆሴፍ ብራውን ይህን ቦይ የሚያወጣ ሁለገብ የፍሬዛ መኪና በ1862 እ.ኤ.አ. ሠራ። በቁልፍ የሚጠብቀውን ባለ ሦስት ጥርስ መጨበጫ ደግሞ አርተር ጄኮብስ በ1902 እ.ኤ.አ. አወጣው። እንግዲህ ነገሩን ስናስተውለው፣ እኛ ትራፓኖን የፍሬዛ ታላቅ ወንድም አድርገን ስናስብ፣ ዛሬ በየጋራዡ የሞላው ፑንታ ራሱ በርክቶ የተወለደው ከፍሬዛ ነው። እያንዳንዱ መኪና የተሠራበት የራሱ ጥያቄ አለው። እኛ የአንዱን ጥያቄ መልስ ለሌላው ጥያቄ ሰጠን።

ዘንጉ ተፍቆ፣ ኩሽኔታው ተለውጦ ሲመለስ አጎት ትራፓኖዋን ገጠሙና አንድ ቁራጭ ብረት በስተው ልኩን አዩ። ከዚያም፣ ይሰድዱናል ብለን ስንጠብቅ፣ «ቀዳዳችሁስ?» አሉን። ተስፋ መቁረጣችንን ነገርናቸው። ሳቁ፤ በዚያ ሳምንት የመጀመሪያው ሳቃቸው ነው። የብረቱን መካከል በመስመር አስመሩን። በመስመሩ ላይ በየ10 ሚሊ ሜትሩ ስድስት ነጥብ በሹል ብረት አስመቱን። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ 9 ሚሊ ሜትር ክብ ቀዳዳ፣ ትራፓኖ በተፈጠረችበት ሥራ፣ ከላይ ወደ ታች በሳን። በየቀዳዳው መካከል የቀረችውን የአንድ ሚሊ ሜትር ግድግዳ በመሮ ቆረጥናት። የቀረው የሞረድ ሥራ ነው። ሞረድ ወደ ፊት ሲሄድ ይቆርጣል፤ ሲመለስ ይነሣል እንጂ አይጎተትም። ክንድ ሳይሆን ወገብ ነው የሚገፋው። ይህን የምናውቀው አሁን ነው። ሁለቱ ረጅም ቀዳዳዎች ሁለት ቀን ተኩል ፈጁ፤ መዳፋችንም ውሃ ቋጠረ። በዚያን ጊዜ ልጁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ልኩን እየለካ «እዚህ ጋ ይቀራችኋል» ይለን ነበር።

ጓደኞቻችን፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ራሳችን የታዘብነውን ብንናገር አትዘኑብን። እኛ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ እንዳስቀለጡ፣ ሴባስቶፖልም እስከ መቅደላ እንደ ተጎተተ በፈተና ጽፈን ጥሩ ማርክ ያገኘን ሰዎች ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እንዳስነገሩም እናውቃለን። ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ያለውን ያለፈውን ዘመን በውይይት ክበባችን ስንት ጊዜ ወቅሰነዋል! እኛ ግን አጎትን አልሰደብናቸውም፤ የባሰ አደረግን። ሙያቸውን የሚጠየቅ ዕውቀት መሆኑን ረሳን። ታሪክ ለመጻፍ ሰነድ እንደሚያስፈልግ፣ ግጥም ለመተቸት መዝገበ ቃላት እንደሚያስፈልግ እናምናለን፤ ብረት ለመቁረጥ ግን ድፍረት ብቻ የሚበቃ መሰለን። አክብሮታችን በአፋችን ብቻ ነበር፤ እጃችን አልሰማም።

ከዚህ ጋር እውነቱን ለመናገር፣ በትራፓኖ ላይ መቁረጫ ማሰር ሁልጊዜ ክልክል ነው ማለታችን አይደለም። በእንጨት ላይ፣ ወይም በለስላሳ ፕላስቲክ ላይ፣ የወረቀት ውፍረት ያህል እየነኩ፣ የሚወርደውን ዘንግ ወደ ላይ ሰብስቦ ቆልፎ፣ በብሎን በተጠበቀ ሞርሳ፣ መቁረጫው ከሚዞርበት አንጻር እንጂ ከእርሱ ጋር ሳይነዱ፣ ዐይንን በመነጽር ሸፍኖ የሚሠራ ሰው ያለ ጉዳት ሊወጣ ይችላል። እንደ ፑንታ ቀጥ ብሎ ወደ ታች መውረድም አለ፤ ለዚህ ግን አፉ እስከ መካከሉ ድረስ የሚቆርጥ መቁረጫ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ባለ አራት ጥርሶች፣ የእኛውም ጭምር፣ መካከላቸው ባዶ ነው። በብረት ላይ ወደ ጎን መሄድን ግን ተዉት። ክብ ቀዳዳ ደርድሩና ሞርዱ፤ ወይም ፍሬዛ ወዳለው ሰው ሂዱ። ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ ትራፓኖው የእናንተ ካልሆነ፣ የምታስቡትን ለባለቤቱ ንገሩት። እኛ ብንናገር ኖሮ አጎት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስድስቱን ነጥብ ያስመቱን ነበር።

ማተሚያዪቱ ተሠርታ አልቃለች። የዚህ እትም ሽፋን የታተመው በእርሷ ነው። የሰንበቴ ገበያ ነው፤ ከግመሎቹ በስተ ቀኝ ያለችው የቆርቆሮ ቤት የአጎት ናት። ሥዕሉ ከግራ ይልቅ በቀኝ በኩል ትንሽ ደመቅ ብሎ የምታዩት የሠዓሊው ጥፋት አይደለም፤ የቀኙን ቀዳዳ ስንሞርድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስላሰፋነው ተንከባላዩ ያጋድላል። ልጁ ድኗል፤ ክንዱ ላይ ግን እንደ ዶሮ እግር ያለ ጠባሳ ቀርቷል። ወደ ትራፓኖዋ ተመልሶ ይሠራል። አንዳችን በመስቀል በዓል ሲያየው ግን፣ ማብሪያውን ከመጫኑ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ ድሮ እንዲህ አያደርግም ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች አንዱን ለእናቱ ልከናል። ለኮምቦልቻው ሥራ አጎት ከከፈሉት ደግሞ ገና አንድ ሦስተኛው ይቀረናል፤ እስከ ጥምቀት እንጨርሳለን ብለን ቃል ገብተናል።